የኩሬ ውሃ በማይክሮስኮፕ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክረምቱ ሲወጣ ጎንደር ዙሪያ የተኛ ውሃ አይጠፋም። ቀሃ ወንዝ ዳር አለ፣ ድንጋይ የተፈለጠበት ጉድጓድ ውስጥ አለ፣ ከብት የሚጠጣበት ኩሬ አለ። ከዚህ ቀድተው በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የሚያዩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚሏቸው ነገሮች አሉ።

«አሜባ አለበት፤ ሆዳችንን የሚያመን ይሄ ነው»

ሆድ በቆረጠ ቁጥር «አሜባ ነው» ስለሚባል ስሙ ብቻ ያስደነግጣል። ኩሬ ውስጥ ቅርጹን እየቀያየረ የሚሳበው ትልቁ አሜባ ግን ከአንጀታችን ጋር ጉዳይ የለውም። ባክቴሪያና አልጌ እየዋጠ በራሱ ይኖራል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚደርስም አለ። አንጀት የሚያውከው ኤንታሜባ ሂስቶሊቲካ የሚባለው ነው። እሱ በውሃ የሚተላለፈው ሲስት በሚባል ድቡልቡል ሽፋን ተጠቅልሎ ነው። አይንቀሳቀስም፤ ስፋቱም ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ቢሆን ነው። ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ይህን በኩሬ ጠብታ ውስጥ ለይቶ ማግኘት ለጀማሪ ዘበት ነው፤ ላብራቶሪም የሚፈልገው ሰገራ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጠብታው ባዶ መስሎ ቢታይም ውሃው ሳይፈላ አይጠጣ።

«በደንብ ለማየት ትልቁን ሌንስ ማዞር ነው»

ስንቱ ተማሪ በዚህ ተስፋ ቆርጧል! 400 ጊዜ ሲያጎሉ ፍጥነቱም አብሮ ይጎላል። ፓራሜሲየም የሚባለው ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት በሰከንድ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይዋኛል። በዚያ ሌንስ የሚታየው ቦታ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሽው ብሎ ያልፋል። በትንሹ ሌንስ፣ 40 ጊዜ በሚያጎላው፣ ይጀመር። አካሄዱ ራሱ መለያ ነው፦ ፓራሜሲየም እየተሽከረከረ ይሄዳል፣ ሲጋጭ ወደ ኋላ ብሎ አቅጣጫ ይቀይራል። አልያዝ ካለ ጥቂት የጥጥ ክር ጠብታው ላይ ጣል ማድረግ ነው። ክሩ መሃል ገብቶ ይታጠራል።

«የሚንቀሳቀስ ሁሉ ነፍስ አለው»

ደቃቅ አቧራም ውሃ ውስጥ ባለበት ይንቀጠቀጣል፤ የውሃው ቅንጣቶች እየገፉት ነው። ዳሩ ወፍራም ጥቁር የሆነ ክብ ነገር ካዩ ደግሞ የአየር አረፋ ነው። እሱን በጥንቃቄ ስሎ፣ ስም ሰጥቶ የሚያስረክብ ተማሪ አይጠፋም።

«አረንጓዴ ከሆነ ተክል ነው»

ዩግሊና የሚባለው ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት አረንጓዴ ነው፤ ግን በጅራፍ መሰል ክር ይዋኛል፣ ብርሃን ለመለየት የሚያግዘው ቀይ ነጥብም አለው። ብርሃን ካጣ ከውሃው ምግብ እየመጠጠ ይቆያል። ከበድ ያለው ጉዳይ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ስሙ እንደሚለው ባክቴሪያ ነው። ሲበዛ ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ ያስመስለዋል። አንዳንዱ ዝርያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል፤ ይህን መርዝ ማፍላት አያጠፋውም። እንዲህ ያለ ውሃ ከብትም ባይጠጣው ይሻላል።

«ትልቁ ባለ ብዙ ህዋስ፣ ትንሹ ባለ አንድ ህዋስ ነው»

መለከት የሚመስለው ስቴንተር አንድ ህዋስ ብቻ ሆኖ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ራሱ ላይ መንኮራኩር የሚዞር የሚመስለው ሮቲፈር ከእሱ በብዙ ያንሳል፤ ግን መንጋጋና ሆድ አለው።

«ዘመናዊ ማይክሮስኮፕ ከሌለ አይሞከርም»

ሆላንዳዊው የጨርቅ ነጋዴ ሊቨንሁክ እነዚህን ፍጥረታት ያየው እ.ኤ.አ. በ1674 ነው፤ ጎንደር ላይ አጼ ዮሐንስ ቀዳማዊ ነግሠው ሳለ። መሣሪያው በእጁ የሠራው ባለ አንድ ሌንስ ነበር።

«ካልጠጣሁት ምንም አያደርገኝም»

ይሄኛው አደገኛ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል የሚገባው በቆዳ በኩል ነው። ጎርጎራን በመሰሉ የጣና ዳርቻዎች በሽታው እንዳለ ይታወቃል። ሰርካሪያ የሚባለው የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ፣ ጭራው ለሁለት ተሰንጥቆ ይዋኛል። ስላይድ ላይ አላየሁትም ማለት ኩሬው ውስጥ የለም ማለት አይደለም። ቀንድ አውጣ ያለበት ውሃ ውስጥ በእግር አይገባም። ጠርሙሱን እንጨት ላይ አስሮ ከዳር መቅዳት ነው፤ ጓንትም ይደረግ።

«ኩሬው ሲደርቅ ሁሉም ያልቃል»

ብዙዎቹ ሽፋን ለብሰው ይጠብቃሉ። አንዳንድ ሮቲፈሮች ኩምትር ብለው ደርቀው ይከርማሉ። በጋ ላይ ከደረቀ ኩሬ አንድ ማንኪያ አፈር ወስዶ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ መዘፍዘፍና ክዳኑን ላላ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ከሥሩ አንድ ጠብታ ይወሰድ።