ሲስተም አፕ ሲያስቸግር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሲስተም አፕ የሚባለው፣ ከስልኩ ጋር የመጣ እንጂ እናንተ ያልጫናችሁት፣ ስሙንም በቅጡ የማታውቁት አፕ ድንገት ተነስቶ «ቆሟል» የሚል መልእክት ያመጣል። ትዘጉታላችሁ፤ ተመልሶ ይመጣል። ይሄኔ አጠገባችሁ ያለ ሰው «ፎርማት አድርገውና ተገላገል» ይላል። በዚህ ምክር የዓመታት ፎቶና ስልክ ቁጥር ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛል። አብዛኛው ችግር እዚያ ሳይደረስ ይፈታል። የማወራው ስለ አንድሮይድ ነው፤ የሴቲንጉ ስሞች ከስልክ ስልክ ትንሽ ቢለያዩም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው።

«ስሙ የወጣው አፕ ነው የተበላሸው»

ሁልጊዜ አይደለም። በፈረንጆቹ ማርች 2021 ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ጂሜይልና ሌሎች አፖች ገና ሲከፈቱ እየተዘጉ አስቸግረው ነበር። ጂሜይልን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ምንም አልፈየደም፤ ጥፋቱ የሱ አልነበረምና። ችግሩ የነበረው አንድሮይድ ሲስተም ዌብቪው ላይ ነው። ይህ አፖች ከውስጣቸው ሳይወጡ ድረ ገጽ የሚያሳዩበት የጋራ ክፍል ነው። ጉግል ማስተካከያ ሲለቅ ዌብቪውንና ክሮምን ከፕሌይ ስቶር አፕዴት ማድረግ በቂ ሆነ።

ስለዚህ አንድ አፕ ብቻ ከሆነ የሚያስቸግረው እሱኑ መርምሩ። ብዙ አፖች በአንድ ቀን አብረው ከታመሙ ግን የጋራቸውን ፈልጉ። የስልኩ ቦታ መሙላቱንና ቀንና ሰዓቱ ትክክል መሆኑንም እዩ። ቦታ ሲጠብ አፖች ፋይል መጻፍ ያቅታቸውና ይዘጋሉ። ቀኑ ከተሳሳተ ደግሞ ፕሌይ ስቶርን ጨምሮ ኢንተርኔት የሚጠቀሙ አፖች ከሰርቨር ጋር መግባባት ያቅታቸዋል።

«ካሽ ማጥፋትና ዳታ ማጥፋት ያው ነው»

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ስህተት ይሄ ነው። ሁለቱ ቁልፎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ካሽ አፑ ሥራ ለማፋጠን ያስቀመጠው ጊዜያዊ ፋይል ነው። ብታጠፉት መልሶ ይሠራዋል፤ የምታጡት ነገር የለም። ዳታ ግን አፑ የያዘው ነገር ሁሉ ነው፦ የገባችሁበት አካውንት፣ ያስተካከላችሁት ሴቲንግ፣ ውስጡ የተቀመጠው መረጃ።

በምሳሌ እንየው። ሴቲንግ ውስጥ የአፖች ዝርዝር ላይ ሲስተም አፖችም እንዲታዩ ስታደርጉ ኮንታክትስ ስቶሬጅ የሚባል ታገኛላችሁ። በየቀኑ የምትከፍቱት የኮንታክት አፕ ማሳያ ብቻ ነው፤ ስልክ ቁጥሮቹ ያሉት እዚህ ነው። የዚህን ዳታ ካጠፋችሁ በጉግል አካውንት የተቀመጡት ቁጥሮች ሲንክ ሲደረግ ይመለሳሉ። ስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጡት ግን ሄዱ፤ ማንም አይመልሳቸውም። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከኮንታክት አፑ ኤክስፖርት አድርጉና ፋይሉን ከስልኩ ውጪ አስቀምጡ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሪስታርት፣ ፎርስ ስቶፕ (አፑን በግድ ማስቆም)፣ ካሽ ማጥፋት፣ አፕዴት ማድረግ። ዳታ ማጥፋት ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያውም ምን እንደሚጠፋ ስታውቁ ብቻ።

«ጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ባትሪ ይጨርሳል፣ መዝጋት ነው»

ይህ አፕ የሚሠራው ለሌሎች ነው። ያላችሁበትን ቦታ ለአፖች ይነግራል፣ ኖቲፊኬሽን ያደርሳል፣ በጉግል አካውንት ያስገባል። ስለዚህ የባትሪ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ከላይ ከወጣ ከጀርባው ሌላ ጠያቂ ሊኖር ይችላል። የሎኬሽን ፈቃድ ያላቸውን አፖች ተመልከቱ። «ሁልጊዜ» የተባለውን «አፑን ስጠቀም ብቻ» ወደሚለው ቀይሩት። ፕሌይ ሰርቪስስን ከዘጋችሁት ግን መልእክቶች ይዘገያሉ ወይም ጭራሽ አይመጡም፤ አንዳንድ አፕም አልከፈትም ይላል።

«አፕዴት ካበላሸው መመለሻ የለውም»

አለው። ብዙ ሲስተም አፖች አፕዴታቸውን ብቻ የማራገፍ አማራጭ አላቸው። አፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል። ሲጠይቃችሁ ግን አንብቡ፤ የአፑ ዳታም አብሮ እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል። የድሮው ቅጂ የደህንነት ክፍተት ሊኖረው ስለሚችል የተስተካከለው ሲወጣ ወዲያው አፕዴት አድርጉ።

«ክሊነር አፕ ያስተካክለዋል»

አያስተካክልም። በዛሬው አንድሮይድ ተራ አፕ የሌላውን አፕ የውስጥ ፋይል የመንካት ፈቃድ የለውም። ከጀርባ የሚሠሩትን ቢዘጋም ሲስተሙ መልሶ ይከፍታቸዋል፤ ትርፉ የባትሪ ወጪ ነው። አጥፉት።

«የተበላሸው ሲስተሙ ነው፤ እኔ የጫንኩት አፕ ምን አገናኘው?»

ብዙ ጊዜ ያገናኘዋል። ላውንቸር (የሆም ስክሪኑን መልክ የሚቀይር አፕ)፣ ኪቦርድና በሌሎች አፖች ላይ ተደርቦ የሚታይ አፕ ሲስተሙን ሊያውኩ ይችላሉ። ማጣሪያው ሴፍ ሞድ ነው። ብዙ ስልኮች ላይ ማጥፊያው ሜኑ ሲመጣ «ፓወር ኦፍ» የሚለውን ጫን አድርጋችሁ ስትይዙ ሴፍ ሞድ ይግባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ውስጥ እናንተ የጫናችሁት አፕ አይሠራም። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው እናንተ ከጫናችኋቸው አንዱ ነው። ሪስታርት አድርጋችሁ ውጡና በቅርብ ከተጫነው ጀምራችሁ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ። ሴፍ ሞድ አንዳንድ ዊጄቶችን ከሆም ስክሪን ሊያነሳ ስለሚችል ቀድማችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ብዙ ሰው ይሄን እርምጃ ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ እመክረዋለሁ።

«ፎርማት ማድረግ ሁሉንም ይፈታል»

ፎርማት (ፋክተሪ ሪሴት) የሚያጠፋው የእናንተን ዳታና የጫናችኋቸውን አፖች ነው። አንድሮይዱን ወደ ድሮው ቨርዥን አይመልስም። ስለዚህ ጥፋቱ ከሲስተም አፕዴት ከመጣ ፎርማት ካደረጋችሁም በኋላ እዚያው ነው። ከባክአፕ ሁሉንም አፖች መልሳችሁ ከጫናችሁም ያው አስቸጋሪ አፕ አብሮ ይመለሳል።

ሌላም አለ። ከአንድሮይድ 5.1 ወዲህ ባሉ ብዙ ስልኮች፣ በተለይ ስልኩ ጠፍቶ በቁልፎቹ ከሚከፈተው ሪከቨሪ ሜኑ ፎርማት ሲደረግ፣ ስልኩ ሲከፈት ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ይህ ሌባ ስልኩን እንዳይጠቀምበት ተብሎ የተሠራ ነው። ፓስወርዱን የረሳ ባለቤትም ግን ውጪ ይቀራል። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ኢሜይሉንና ፓስወርዱን ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ገብታችሁ አረጋግጡ። ፎቶዎቹም ባክአፕ መደረጋቸውን እዚያው ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ።