መስተጻምር ምንድን ነው? «ሃውኤቨር»ስ ለምን አይደለም?

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ የማስጠናቸው ተማሪዎች ደብተር ውስጥ አንድ የተጣጠፈ ወረቀት አይጠፋም። ከፎቶኮፒ ላይ ፎቶኮፒ የተነሳ ስለሆነ ፊደሉ ደብዝዟል። አናቱ ላይ «ማያያዣ ቃላት» ይላል፤ ከሥሩ በት (ግን)፣ ሃውኤቨር (ሆኖም)፣ ኦልዞው (ምንም እንኳ)፣ ቢኮዝ (ምክንያቱም)፣ ዜርፎር (ስለዚህ)፣ ሶ (ስለዚህ) የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው ተደርድረዋል። ፍቺው ላይ ችግር የለም። ችግሩ ስድስቱን በአንድ ረድፍ ማሰለፉ ነው፤ ሃውኤቨርና ዜርፎር ተውሳከ ግስ ናቸው፣ የቀሩት አራቱ መስተጻምር።

መስተጻምር ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን አስሮ አንድ ያደርጋል። ተውሳከ ግስ አያስርም፤ ድርጊቱ እንዴትና መቼ እንደሆነ፣ ወይም ሐሳቡ ከቀደመው ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ይናገራል እንጂ።

ከቃሊቲ ወደ ገላን የሚያልፉትን ባለተሳቢ መኪኖች ተመልከቱ። ተሳቢውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ብረት መስተጻምር ነው። ተውሳከ ግስ ደግሞ ረዳቱ ነው። ረዳቱ ጋቢና ይቀመጣል፣ ወርዶ ከኋላ ምልክት ይሰጣል፣ ሲያሻው ጭነቱ ላይ ይወጣል። ሥራው ያስፈልጋል። ነገር ግን ብረቱን ፈታችሁ እሱን መሀል ብታቆሙት መኪናው ይሄዳል፣ ተሳቢው እዚያው ይቀራል።

መለያውም ይኸው መንቀሳቀስ ነው። «ሃውኤቨር፣ ሂ ኬም» ይባላል፤ «ሂ፣ ሃውኤቨር፣ ኬም» ይባላል፤ «ሂ ኬም፣ ሃውኤቨር» ይባላል። በት ግን ከቦታው አይነቃነቅም፤ «ሂ በት ኬም» ማለት አይቻልም። ስለዚህ «ኢት ሬይንድ፣ ሃውኤቨር፣ ሂ ኬም» («ዘነበ፤ ሆኖም መጣ») በኮማ ብቻ ሲጻፍ ስህተት ነው። ከሃውኤቨር በፊት ሴሚኮለን ወይም ፉልስቶፕ ያስፈልጋል። («ሃውኤቨር ዩ ዱ ኢት» ሲሆን፣ ማለትም «እንዴትም ብታደርገው»፣ ጉዳዩ ሌላ ነው።)

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ በት ሂ ኬም» ነው። ለአንድ ተሳቢ ሁለት ብረት! ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም እሱ ግን መጣ» እንላለን፤ ትክክል ነው። የአማርኛው ማያያዣ ግሱ ላይ ተሰፍቷል፦ ስለዘነበ፣ ሲዘንብ፣ እስኪዘንብ፣ ቢዘንብም። የእንግሊዝኛው ግሱን ሳይነካ ብቻውን ከሐሳቡ ራስ ላይ ይቆማል። ተማሪው ኦልዞው ብሎ ጀምሮ መሀሉ ላይ ሲደርስ ገና ያላያያዘ ይመስለዋል፤ በትን ይጨምራል።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ኢፍ ብለን ዜን እንል የለም እንዴ? ታዲያ ኦልዞው ብለን በት ብንል ምን አለበት?» ሲል አይቻለሁ፤ ብዙ ሰውም ተስማምቶለታል። ዜን («ያኔ») እዚያ ቦታ ተውሳከ ግስ ነው። ያያያዘው ኢፍ ነው፤ ዜን ቢወጣም ዓረፍተ ነገሩ አይፈርስም። በዚሁ ምክንያት «ኦልዞው ኢት ሬይንድ፣ ሂ ስቲል ኬም» ምንም አይወጣለትም፤ ስቲልም («እንዲያም ሆኖ») ተውሳከ ግስ ነውና። ይህን ሳይለዩ «ሁለት ማያያዣ ይፈቀዳል» ብሎ ማስተማር፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የሚጽፍን ልጅ መበደል ነው።

ሁለት ግስ ለማያያዝ አንድ ማያያዣ ይበቃል፤ ግሱን ስትቆጥሩ ግን ጊዜ የያዘውን ብቻ ቁጠሩ። «ሂ ዎንትድ ቱ ካም» ላይ «ቱ ካም» አይቆጠርም፤ ማያያዣም አይፈልግም። «ኢይዘር» እና «ኦር» ተጣምረው እንደ አንድ ይሠራሉ። የሰዋስው ሊቃውንቱ ሀድልስተንና ፑለም እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ትልቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ኦልዞውን እንደ ኢን እና ኦን ካሉት ከመስተዋድድ ይመድቡታል፤ ስሙ ቢለወጥም ከበት ጋር አይደረብም።

ቢኮዝና ሶም እንዲሁ አይደረቡም። «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ሶ ሂ ስቴይድ ሆም» ላይ አንዱ ይውጣ። ምክንያቱን ማጉላት የፈለገ ቢኮዝን ይያዝ፣ ውጤቱን ማጉላት የፈለገ ሶን።