ሳማ፣ ቁልቋል፣ ቅንጨ አረም፦ ስለ ቆዳ ጉዳት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በወሎ ደጋ፣ ደላንታና ወረኢሉ አካባቢ፣ ሳማ በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። ወይና ደጋው ላይ ቁልቋል ራሱ አጥር ነው። በቆቦና በራያ ቆላ ደግሞ ቅንጨ አረም (ፓርቲኒየም) ማሳውን ወሮታል። ሦስቱም ቆዳ ይጎዳሉ፤ አጎዳዳቸው ግን ለየቅል ስለሆነ እርዳታውም ይለያያል።

«ሲነካኝ ካላቃጠለኝ አልጎዳኝም»

ይህ የሚሠራው ለሳማ ብቻ ነው። የሳማ ጸጉር ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ሂስታሚን (የሚያሳክክና የሚያሳብጥ ንጥረ ነገር) ስለሚያፈስ ወዲያው ይለበልባል፤ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት፣ ግፋ ቢል በአንድ ቀን ይበርዳል። የቁልቋል ወተት ሲነካ ምንም ላይሰማ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል። የቅንጨ አረም ሽፍታ ከ1 እስከ 3 ቀን ሊዘገይ ይችላል። ሽፍታ የወጣበት ሰው ከትናንት ወዲያ ጭምር ምን እንደነካ ያስታውስ።

«ሳማ የለበለበውን መፈተግ ያስታግሳል»

መፈተግ ጸጉሩን ይበልጥ ያስገባዋል። ፕላስተር ለጥፎ መላጥ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና መታጠብ ይበቃል። ካሳከከ አዋቂ ሰው 10 ሚሊ ግራም ሴትሪዚን (የአለርጂ መድኃኒት) በቀን አንዴ ሊወስድ ይችላል።

«የቁልቋል ወተት በቅቤ ይበርዳል፤ ዐይን ከገባም የጡት ወተት ይጨመርበታል»

ከሁሉም አደገኛው ስህተት ይህ ነው። መርዙ በቅባት ስለሚሟሟ ቅቤ ያልታጠበ ቆዳ ላይ ያሰራጨዋል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ወተቱን ማንሳት፣ ጨርቁን መጣል፣ ከዚያ በሳሙና ደጋግሞ መታጠብ ነው፤ ውኃ ብቻውን ሙጫውን አያወጣውም።

ዐይን ከገባ ሽፋሽፍቱን ከፍቶ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማፍሰስ፣ በዚያው ቀንም ወደ ዐይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ቀላል መስሎ ማታ ሕመሙ ይብሳል፤ የዐይን ብሌን ሊቆስልና ሳይታከም ከቀረ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። አጥር የሚቆርጥ ሰው ከራሱ ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ሥሩ ቆሞ አይምታ፤ ወተቱ የሚፈናጠቀው ፊቱ ላይ ነው።

«ቅንጨ አረምን ለዓመታት ነቅዬ ምንም አልሆንኩም»

አለርጂ ሰውነት ዕፁን ደጋግሞ ካገኘ በኋላ የሚመጣ ነው፤ አምስት ዓመት እየነቀለ ምንም ያልሆነ ገበሬ በስድስተኛው ሊያዝ ይችላል። ከተያዘ በኋላ በነፋስ የሚመጣ የደረቀ ብናኝ እንኳ ይበቃዋል፤ ሽፍታው በዐይን ሽፋን፣ በአንገትና በክርን መታጠፊያ መብዛቱ መለያው ነው። ሳያብብ በጓንት መንቀል፣ የሥራ ልብስን ለብቻ ማጠብ ይጠቅማል። ትንሽ ሽፍታ ላይ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት በቀን ሁለቴ እስከ 7 ቀን ይቀባል፤ ፊት ከሆነ ግን ሐኪም ይወስን።

«ጤና አዳም መድኃኒት ነውና ቆዳ አይጎዳም»

ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ከ1 እስከ 2 ቀን ቆይቶ ያቃጥላል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ጠቆር ያለው ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሎሚም እንዲሁ ነው።

«የቋጠረው ውኃ ወደ ሌላው ቆዳ ይዛመታል»

አይዛመትም። አዲስ ቦታ ላይ የሚወጣው ዘግይቶ የታየ ወይም ልብስ ላይ በቀረ ጭማቂ የመጣ ነው። አያፍርጡት፤ ከፈረጠ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን።

«ሸረሪት ሸንቶበት ነው»

ከወገብ ወይም ከደረት በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት የሚዞር፣ ሽፍታው ሳይወጣ የሚያም ከሆነ፣ የዕፅ ጉዳትም የሸረሪት ሥራም አይደለም፤ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ይበልጥ ስለሚጠቅም ቅጠል እየለጠፉ አይቆዩ።

ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ሰውየው ከተዝለፈለፈ ግን ቅባት ሳይፈልጉ ወዲያው ሆስፒታል ያድርሱት።