ኳዱን በቱ ስትሮክ ልለውጥ? ከመጨባበጥ በፊት መታረም ያለባቸው ወሬዎች

የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ መሬት አለው። ኳድም አለው፤ ባለአራት ጎማዋን ሞተር ማለቴ ነው፣ 400 ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ የውስጥ ስፋት መለኪያ ነው)። ማዳበሪያ ይጭንባታል፣ ድርቆሽ ይጭንባታል፣ አንዳንዴ በግም ትጫናለች። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው 250 ሲሲ ቱ ስትሮክ የክሮስ ሞተር (ከአስፋልት ውጭ ለውድድር የሚሠራ ባለሁለት ጎማ) አሳየውና «እኩል ለእኩል እንለዋወጥ» አለው። የልጁ ልብ ሸፈተ። ማታ ደወለልኝ፤ «አያ፣ ልለውጠው ወይስ ይቅርብኝ?»

ቡና ላይ የነገሩትን ሁሉ አስደረደርኩት። ግማሹ ስህተት ነው። ከዚህ በታች «አንተ» ስል እሱን ነው።

«ኳድ አራት ጎማ ስላለው አይገለበጥም»

ሰው የሚገድለው ወሬ ይሄ ነው። ሞተር ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አንተ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ ትሄዳላችሁ። ኳድ ሲገለበጥ ግን ዞሮ ላይህ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የእርሻው ዓይነት ደግሞ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አውስትራሊያ ገበሬዎቿ እንዲህ እየሞቱባት ስለተቸገረች፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእርሻ የሚሸጥ አዲስ ኳድ ሁሉ ሲገለበጥ ነጂውን እንዳይጨፈልቅ መከላከያ እንዲኖረው አስገድዳለች።

ወደ ጮቄ የሚወጣውን ተዳፋት ታውቀዋለህ። በጎን ስታቋርጥ የታችኛው ጎማ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ የላይኛው ድንጋይ ላይ ይወጣል። አለቀ። ኳድ እንደ ሞተር አያጋድልም። ሚዛኑን የምትጠብቀው በራስህ ገላ ነው፤ ከመቀመጫው ተነስተህ ወደ ዳገቱ በኩል መጋደል አለብህ። ስለዚህ «ሞተር አደገኛ ነው፣ ኳድ ይሻልሃል» የሚሉህን አትስማ። ሁለቱም ያደርሳሉ፣ ሁለቱም ይሰብራሉ። የሚሰብሩበት መንገድ ነው የሚለያየው።

«ኳድ የነዳ ሞተር አያቅተውም»

መጀመሪያ ላይ ያቅተዋል። ኳድህ ላይ ነዳጅ የምትሰጠው በአውራ ጣት ነው። ሞተር ላይ ግን እጀታውን ትጠመዝዛለህ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሞተሩ ድንገት ሲፈናጠር ገላህ ወደ ኋላ ይቀራል፣ የጨበጠው እጅህም አብሮ ይጎተታል፣ ሲጎተት ደግሞ ይባሱን ነዳጅ ይከፍታል። ብዙ ጀማሪ የሚወድቀው እንዲህ ነው።

እግርም አለ። ሞተር ላይ ስትታጠፍ እግርህን ወደ ፊት ትዘረጋለህ። ኳድ ላይ እንደዚያ ብታደርግ የኋላው ጎማ ረግጦህ ያልፋል። ዓመታት «እግርህን ሰብስብ» ብለህ ያስለመድከውን ገላ አሁን «ዘርጋ» ልትለው ነው።

«250 ከ400 ያንሳል»

ሲሲ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ቱ ስትሮክ ፒስተኑ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ነዳጅ ያቃጥላል። እንደ ኳድህ ያለው ፎር ስትሮክ ግን በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው። የውድድር 250 ቱ ስትሮክ ከ45 የፈረስ ጉልበት በላይ አለው፣ ክብደቱ ግን 105 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ያንተ ኳድ እዚያ አይደርስም።

ጉልበቱ ደግሞ እኩል አይመጣም። ከታች ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ መሃል ላይ ሲደርስ ያብዳል። በጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን አይተሃል። ኳድህ በቅሎ ናት። ይሄኛው ገና ያልተገራ ፈረስ ነው።

«ዘይት በዛ ማለት ሞተሩ ተጠበቀ ማለት ነው»

ቱ ስትሮክ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ቤንዚኑ ውስጥ በተቀላቀለ ዘይት ነው። በሞተር መጋዝ ባሕር ዛፍ የቆረጠ ሰው ይሄን ያውቃል። ስንት ይግባ የሚለውን የሚወስነው አምራቹ ነው። 40 ለ1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 125 ሚሊ ሊትር ነው። በአረቄ መለኪያ ጠብ እያደረገ የሚቀላቅል ሰው አውቃለሁ፤ መለኪያው ከቤት ቤት እንደሚለያይ ረስቶታል። እኔ በሕፃን ጡጦ ነበር የምለካው። ጎኑ ላይ ቁጥር አለው፣ ርካሽም ነው። (ከዚያ በኋላ ለሕፃን አይሆንም፣ ይሄን ለሚስትህ ንገራት።)

ዘይት ሲበዛ ካንዴላው (ብልጭታ ሰጪው) ይጠቁራል፣ ሞተሩም ያንቃል። ሲያንስ ፒስተኑ ይቃጠላል። የመኪና ዘይትም አይሆንም፣ የቱ ስትሮክ የራሱ ዘይት አለው። ማርሹ ደግሞ ለብቻው ሌላ ዘይት አለው፤ «ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ አለ» ብለህ እሱን እንዳትረሳ።

«ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ዘግቶ መውረድ ቆጣቢነት ነው»

ኳድህ ላይ ልማድህ ይሄ ነው፣ ማርሽ አስገብተህ ትለቃታለህ፣ ሞተሩ ይይዝልሃል። ቱ ስትሮክ ግን እንደዚያ አይዝም። ደግሞ ነዳጁን ስትዘጋ ዘይቱንም አብረህ ዘጋኸው። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር እየተሽከረከረ ዘይት ያጣል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ይዘህ በየመሃሉ ትንሽ ትንሽ ነዳጅ መስጠት አለብህ።

ከፍታም አለ። በየ100 ሜትሩ ጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ሩብ ያህሉ ሄደ ማለት ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ ሲያጨስና ሲያንቅ «ሞተሩ ሞቷል» ብለህ አትደምድም። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ጄት በትንሽ መቀየር ሊበቃ ይችላል። ችግሩ፣ ለማርቆስ ያስተካከልከውን ይዘህ ወደ አባይ በረሃ ብትወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሳል። እዚያ ሙሉ ነዳጅ ከፍተህ መብረር ፒስተኑን ሲሊንደሩ ላይ ያጣብቀዋል።

«ቱ ስትሮክ ቶሎ ይፈርሳል»

ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ቶሎ ይጨርሳል፣ እውነት ነው። ግን እንደ ፎር ስትሮክ ያለ ቫልቭ የለውም፣ የሚፈታው ጥቂት ነው፣ የሚያውቅ ሰው በግማሽ ቀን ይገጥመዋል። ጥያቄው ፒስተኑ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ካዘዝክበት እስኪደርስ ክረምቱ ሊያልፍ ይችላል።

«እኩል ለእኩል ስለሆነ አልከስርም»

ሰውየውን «ፒስተን መቼ ቀየርክ?» በለው። ቆም ካለ ዋጋው ይውረድ። አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅህ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ እይ። ካንዴላውን አስፈታው። መብራት፣ ክላክስና ሰሌዳ ከሌለው ደግሞ አስፋልት አይወጣም፤ የምትነዳው ማሳህ ላይ ብቻ ነው። ማሳህ በሐምሌ ዋልካ ነው፤ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል ይጠቀጠቅና ጎማውን ያቆመዋል።

ቅዳሜ አብረን ሄድን። መቀመጫው ከመሬት አንድ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ልጁ በጣቱ ጫፍ ነው የቆመው። በእግር ነው የሚነሳው። በሰባተኛው ምት ተነሳ፣ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው፣ ውሻው ሸሸ። ልጁ ፈገግ አለ፣ እኔም ፈገግ አልኩ፤ ድምፁን ስሰማ ትንሽ ሆዴ መባባቱን አልክድም።

ከዚያ ወርዶ ወደ ኋላ ዞረ። መቀመጫውን ዳሰሰ፣ ከኋላው ያለውን ቀጭን ፕላስቲክ ጫን ጫን አደረገው።

«ጆንያውን ታዲያ የት ነው የማስረው?» አለ።