«አህሊ» ማለት ባለሙያ ነው ወይስ አባል?

የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ቋንቋዎች በጣም ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ከማላይ ቋንቋ የተገኙ ናቸው። ከዐረብኛ የወሰዷቸው ቃላት ግን ሁልጊዜ አንድ ትርጉም የላቸውም።

ለምሳሌ «አህሊ»ን እንውሰድ። በዐረብኛ «አህል» ቤተሰብ ወይም የአንድ ቦታ ሰዎች ማለት ነው። በኢንዶኔዥያ «አህሊ» ባለሙያ ሆነ፤ «አህሊ ጊዚ» የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። ማሌዥያ ውስጥ ግን ቃሉ በዋናነት አባል ማለት ነው። «አህሊ ፓርሊመን» የሚለውን የማሌዥያ ጋዜጣ ርዕስ ያነበበ ኢንዶኔዥያዊ ስለ ፓርላማ የሚያጠና ምሁር ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ነገሩ ግን የፓርላማ አባል ነው። አባል ለማለት ኢንዶኔዥያዊው «አንጎታ» ይላል። የሚገርመው፣ በሁለቱም አገር ወራሽ «አህሊ ዋሪስ» ይባላል፤ የጥንቱ የቤተሰብ ትርጉም እዚህ ላይ ተርፏል።

«አያት» ደግሞ በዐረብኛ ምልክት፣ እንዲሁም የቁርኣን አንቀጽ ነው። የማሌዥያ ተማሪ ግን «አያት» መሥርት ሲባል ዓረፍተ ነገር ይመሠርታል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ግን ዓረፍተ ነገር «ካሊማት» ነው፤ ምንጩ በዐረብኛ ቃል ማለት የሆነው «ከሊማ» ነው። «አያት» በኢንዶኔዥያ ሕግ የአንድ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው «ዋኪል» ነው፤ የእኛው «ወኪል» ወንድም። በሁለቱም አገር ተወካይን ያመለክታል፤ በኢንዶኔዥያ ግን ምክትልም ነው፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ «ዋኪል ፕሬሲደን» ይባላል። የማሌዥያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር በአንጻሩ «ቲምባላን» ነው።