ሎክ፦ በሰው መሬት ላይ የቆመችው የቻይናውያን መንደር

ሎክ በካሊፎርኒያ፣ በሳክራሜንቶ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከሳክራሜንቶ ከተማ ወደ ደቡብ 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ከንቲባም ሆነ ማዘጋጃ ቤት የላትም። በሕግ ከተማ ስላልሆነች በቀጥታ የሚያስተዳድራት የሳክራሜንቶ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ የአካባቢ አስተዳደር) ነው። ነዋሪዋ ዛሬ መቶ አይሞላም። ዋናው መንገዷ ገና መሄድ ሲጀምሩ ያልቃል። ያም ሆኖ በ1990 የአሜሪካ መንግሥት ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ አድርጎ መዝግቧታል፤ ቻይናውያን ለራሳቸው ከሠሯቸው የአሜሪካ የገጠር መንደሮች መካከል እንደሷ ሳይፈርስ የቆየ የለምና። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንደሯ በፊት መሬቱ ራሱ አልነበረም ማለት ይቻላል። የሳክራሜንቶና የሳን ዋኪን ወንዞች የሚገናኙበት ይህ ዴልታ ረግረግ ነበር። ወንዞቹ ሲሞሉ ጎርፉ ይውጠዋል። ከ1860 እስከ 1880 ባሉት ዓመታት ቻይናውያን የቀን ሠራተኞች በወንዙ ዳርና ዳር የአፈር ግድብ ሠሩ። ብዙዎቹ አገር አቋራጩ የባቡር ሐዲድ በ1869 ሲያልቅ ሥራ የፈቱ ነበሩ። መሣሪያቸው አካፋና የእጅ ጋሪ፣ የሥራ ቦታቸው ውኃ ውስጥ፣ ሌላው ጠላታቸው ወባ። በዚህ ሁኔታ ከ35 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ከውኃ ወጣ። አፈሩ ጥቁርና ለም ቢሆንም እጅግ የላላ ነበር። ፈረሶች እየሰመጡ ስላስቸገሩ ሰፋፊ ጫማ እስከ ማጥለቅ ተደርሷል። ከዚያ በኋላ የፒር ፍሬና አስፓራገስ የሚባለው አትክልት አካባቢውን አበለጸጉት። ቻይናውያኑም በጭሰኝነትና በቀን ሥራ እዚያው ቀሩ።

ግድቡን የሠሩት እነሱ ቢሆኑም መሬቱ የነሱ ሊሆን አልቻለም። ካሊፎርኒያ በ1913 ባወጣችው ሕግ የአሜሪካ ዜግነት ማግኘት የማይፈቀድላቸው የውጭ አገር ሰዎች የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ከለከለች። የእስያ ሰው ደግሞ ዜግነት አይፈቀድለትም ነበር። ሕጉ ቻይና ወይም ጃፓን ብሎ ስም አይጠራም፤ ግን ማን ላይ እንዳነጣጠረ ማንም ያውቀዋል።

በጥቅምት 1915 በጎረቤቷ ዋልነት ግሮቭ የነበረው የቻይናውያን ሰፈር በእሳት ወደመ። እዚያ ይኖሩ የነበሩት በደቡብ ቻይና ያሉ የሁለት አካባቢዎች ተወላጆች ናቸው፤ ገሚሱ ከዦንግሻን፣ ገሚሱ ከታይሻን። ንግግራቸው ይለያያል፣ ፉክክርም ነበራቸው። የታይሻኖቹ እዚያው መልሰው ሠሩ። የዦንግሻኖቹ ግን ሊ ቢንግ በሚባል ነጋዴ መሪነት ጥቂት ወደ ሰሜን ወጣ ብለው የሎክ ቤተሰብን መሬት ጠየቁ። ስምምነቱ በቃል ብቻ ነበር። መሬቱ የሎክ ቤተሰብ ሆኖ ይቀጥላል፣ ቻይናውያኑ ኪራይ ይከፍላሉ፣ የሚሠሩት ቤት ግን የራሳቸው ይሆናል። የመንደሯ ስም የመጣው ከባለመሬቶቹ ነው።

ቤቶቹ ግድቡን ተደግፈው የተሠሩ የእንጨት ፎቆች ናቸው። የላይኛው ፎቅ በግድቡ ላይ ወዳለው መንገድ ይከፈታል፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ዋና መንገድ። በ1920ዎቹ 600 ያህል ሰው በቋሚነት ይኖርባት ነበር። በመኸር ወቅት ቁጥሩ ከሺህ ያልፋል። ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ አልቤርጎ፣ ቲያትር ቤት፣ የቻይንኛ ትምህርት ቤት ሁሉ ነበራት። አብዛኛው ሠራተኛ ግን ሚስት አልነበረውም። የአሜሪካ የስደት ሕግ ቻይናውያት ሴቶች እንዳይገቡ አጥብቆ ይከለክል ስለነበር፣ ወንዶቹ ለብቻቸው በደባልነት አርጅተዋል።

የቁማር ቤቶቹ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዳይ ሎይ የተባለው በ1916 ተከፍቶ እስከ 1951 ሠርቷል። ከጨዋታዎቹ አንዱ ፋን ታን ነው፦ አጫዋቹ የተከመሩ የልብስ ቁልፎችን አራት አራት እያደረገ ይቀንሳል፣ መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚቀር የገመተ ይበላል። ሎክ ፖሊስ አልነበራትም። አልኮል በመላ አሜሪካ በታገደበት ከ1920 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ደግሞ መጠጥ የፈለገ ነጭ ሁሉ ወደዚህ ይጎርፍ ነበር። «የኃጢአት መንደር» የሚለው ዝና የመጣው ያኔ ነው። እኔ ግን ዝናው የተጋነነ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ አስፓራገስ ሲቆርጥ የዋለ፣ ቤተሰብ የሌለው ሰው ማታ ሰው የሚያገኝበትና ሻይ የሚጠጣበት ቦታም ቁማር ቤቱ ነበር።

በ1934 አል አዳሚ የተባለ ጣሊያናዊ ምግብ ቤት ከፈተ፤ ቻይናዊ ያልሆነ ሰው በመንደሯ የከፈተው የመጀመሪያው ንግድ ነው። እስከ ዛሬም ከስቴክ ጋር የኦቾሎኒ ቅቤና ማርማላታ ጠረጴዛ ላይ ይቀርብበታል። ለምን እንደሚጣጣሙ አይጠይቁኝ።

ቻይናውያንን የሚያገልለው የስደት ሕግ በ1943 ተሻረ። የመሬቱን ሕግ ደግሞ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1952 ውድቅ አደረገው። በሩ ሲከፈት ታዲያ ወጣቶቹ ሄዱ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሳክራሜንቶና በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ሥራ ያዙ። ሎክ የሽማግሌዎች መንደር ሆነች።

መሬቱ ግን ያኔም የሌላ ሰው ነበር። በ1977 የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች ገዙት፤ ነዋሪዎቹ በቤታቸው ሥር ያለው መሬት ሲሸጥ ከማየት በቀር አማራጭ አልነበራቸውም። በኋላ የካውንቲው የቤቶች ኤጀንሲ መሬቱን ገዝቶ በየቤቱ ሸነሸነው። ከ2004 ጀምሮም ለባለቤቶቹ መሸጥ ጀመረ። መንደሯ ከተቆረቆረች 89 ዓመት ሆኗት ነበር። በዚያን ጊዜ በሎክ የቀሩት ቻይናውያን ጥቂት ናቸው፤ ካርታ ከተቀበሉት አብዛኞቹ ሌሎች አሜሪካውያን ነበሩ። ዳይ ሎይ አሁን ሙዚየም ነው።