ስለ ክፍት ትዳር ጥናቶች የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ባልና ሚስት ተነጋግረውና ተስማምተው ከትዳራቸው ውጭ ሌላ የፍቅር ወይም የወሲብ ግንኙነት ሲፈቅዱ «ክፍት ትዳር» ይባላል። ባሕር ዳር ውስጥ፣ በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢም ሆነ ሐይቁ ዳር ቡና ሲጠጣ፣ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር «ጥናት እንዲህ ይላል» የሚል አይጠፋም። አብዛኛው የሚጠቀሰው ግን ጥናቶቹ ያላሉትን ነው።

«ያው ውሽማ መያዝ ነው»

አይደለም። ውሽማ የሚያዘው ተደብቆ ነው። ተመራማሪዎች ሁለቱን ለይተው ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ 2,270 አዋቂዎች ተጠይቀው 89 በመቶ ገደማ በአንድ አጋር እንደጸኑ፣ 4 በመቶ ገደማ በስምምነት ክፍት ግንኙነት ውስጥ እንዳሉ ተናግረዋል፤ 8 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ያለ ስምምነት ከሌላ ሰው ጋር የሚሄዱ ነበሩ። ልዩነቱ ለጤናም ይተርፋል፤ ደብቀው የሚሄዱ ሰዎች በስምምነት ከሚሄዱት ይልቅ ኮንዶም የመጠቀም ልማዳቸው ደካማ መሆኑ ታይቷል።

ከአንድ በላይ ማግባትም ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 11 በመቶ የሚሆኑ ያገቡ ሴቶች ጣውንት እንዳለባቸው ተናግረዋል። እዚያ ግን ፈቃዱ የባል ብቻ ነው፤ ሚስት ሌላ ወንድ የመያዝ መብት የላትም፤ ጣውንት ሲመጣባትም ብዙ ጊዜ አትጠየቅም።

«ከአምስት ፈረንጅ ባለትዳሮች አንዱ ትዳሩን ከፍቷል»

ይህ አኃዝ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ከታተመ የአሜሪካ ጥናት ነው። የተጠየቁት ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች ግን በወቅቱ ትዳር ያልነበራቸው ናቸው። ጥያቄውም «በሕይወትዎ አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ያለ ግንኙነት ነበረዎት?» የሚል ነበር። አንድ ጊዜ ሞክሮ የተወውም ተቆጥሯል። ካናዳ ውስጥ 2 ሺህ ያህል ሰዎች ስለአሁኑ ሁኔታቸው ሲጠየቁ ክፍት ግንኙነት ውስጥ ያሉት 2.4 በመቶ ብቻ ሆኑ። በመቶኛ የሚጠቅስ ሰው ማን እንደተጠየቀና ስለየትኛው ጊዜ እንደተጠየቀ አብሮ ካልተናገረ አኃዙን ባይጠቅሰው ይሻላል።

«እንደማይዘልቅ ተረጋግጧል» ወይም «ልዩነት እንደሌለ ተረጋግጧል»

ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት አንድ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው ይህ ጥናት ጥንዶችን ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ፈልጎ ነበር። ትዳራቸውን ከከፈቱት 68 በመቶ፣ ካልከፈቱት ደግሞ 82 በመቶ አብረው ተገኙ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም፤ ማለትም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነበር። በየወገኑ የነበሩት ጥንዶች ግን አርባም አይሞሉም። ይህን የ14 በመቶ ነጥብ ልዩነት፣ በእውነት ካለ፣ ጥናቱ በተለመደው 80 በመቶ ዕድል እንዲይዘው በየወገኑ 150 ገደማ ጥንዶች ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ልዩነት አለመገኘቱ ልዩነት የለም ማለት አይደለም፤ ይፈርሳል የሚለውም ከዚህ አይወጣም።

የደስታና የእርካታ ጥናቶችም በአብዛኛው በራሳቸው ፈቃድ በመጡ ሰዎች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ትዳሩ የፈረሰበት ሰው መጠይቁን አይሞላም፤ መወገዝን የሚፈራ ደግሞ ኑሮውን አሳምሮ ይናገራል።

«ልጆቹ ይበላሻሉ»

ሶሲዮሎጂስቷ ኤልዛቤት ሼፍ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትላለች፤ የተፈራውን ያህል ጉዳት አላገኘችም። ተሳታፊዎቿ ግን በአብዛኛው የተማሩ፣ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ነጭ አሜሪካውያን ናቸው። ውጤቱን እንዳለ ወደ ጣና ዳር ቤተሰብ ማምጣት አይቻልም።

«ባሕር ዳር ላይ መጠይቅ በትኖ ማጥናት ይቻላል»

ትልቁ አደጋ እዚህ ላይ ነው። በዕድር፣ በማኅበርና በንስሐ አባት በተሳሰረ ከተማ አንድ የተገለጠ ስም ትዳር ያፈርሳል። አመንዝራነት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 652 መሠረት በተበዳይ የትዳር ጓደኛ አቤቱታ ያስቀጣልና «ተስማምተን ነበር» የሚለው ቃል ነገ ሊካድ ይችላል።

እዚህ ማጥናት የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ይጠንቀቅ፤ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይቅደም። ፈቃደኝነት በቃል ይወሰድ፤ ፊርማ ስምን ከመልስ ጋር የሚያገናኝ ብቸኛ ወረቀት ይሆናልና ኮሚቴው እንዲተወው ይጠየቅ። ባልና ሚስት ለየብቻ፣ በአንድ ቀን፣ ከቤታቸው ውጭ ይጠየቁ፤ ቀን ካለፈ መልስ ያስማማሉ። ጠያቂው የሰፈሩ ሰው አይሁን። ሌላ ተሳታፊ ሲፈለግ ተጠያቂው ለሚያውቀው ሰው እንዲያደርስ የተመራማሪው ስልክ ይሰጠው እንጂ የሰው ስም አይጠየቅ።

«ትዳርዎ ክፍት ነው?» ከማለት ይልቅ ባለቤትዎ ያውቃሉ? ያወቁት በፊት ነው በኋላ? እምቢ ቢሉ ምን ይከተል ነበር? ብሎ መጠየቅ ይበጃል። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። የራሷ ገቢ የሌላት፣ ቤቱም በባሏ ስም የሆነ ሴት «እሺ» ስትል ተስማማች ብሎ መመዝገብ በደል ነው።

ሲጻፍ ደግሞ «የሦስት ልጆች እናት፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሽምብጥ ሰፈር የምትኖር» ከተባለ ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጎረቤት ያውቃታል። ሰፈሩ ይውጣ፣ ሥራዋና የልጆቿ ቁጥር ይለወጥ። ከ20 ጥንዶች ቃለ መጠይቅ ተነስቶም የከተማውን መቶኛ መጻፍ አይቻልም፤ እንዲህ ያለ ጥናት የሚያሳየው ስምምነቱ እንዴት እንደተደረሰና ማን እንደከበደው ነው።